የባሏን ሐውልት ልትመርቅ ጠርታኛለች፣ ሄጄ ልብላ ወይስ ልቅር? (ዜድሲሲን፣ የጽዮን ክርስቲያን ቤተክርስቲያንን፣ የምታውቁ አስረዱኝ)

የሎኬሽኑ_ልጅ
እሁድ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ ደቡብ አፍሪካ፣ ሊምፖፖ ውስጥ ከፖሎክዋኔ ወጣ ብላ ባለች ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ነው ሱቅ የምሰራው፣ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፣ ቃለ ሕይወት ነው ያደግኩት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ሱቁን ያከራየችኝ አሮጊት አለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ኮኮ (አያት እንደማለት) ነው የሚላት፣ እኔም እንደዛው። የዜድሲሲ አባል ናት። ደረቷ ላይ አረንጓዴና ጥቁር ጨርቅ አለ፣ እዛ ላይ የብር ኮከብ ሰክታለች፣ ገበያም ስትሄድ ክሊኒክም ስትሄድ አታወልቃትም። አትጠጣም፣ አታጨስም፣ የአሳማ ስጋ በበሯ አያልፍም። ሰፈር ውስጥ የውጭ ሰው ሱቅ ሲዘረፍ የኔን እቃ በሌሊት ተሸክመው ሳሎኗ ያስገቡልኝ እሷና ልጆቿ ናቸው፣ ስለዚህ ለኔ ዝም ብላ አከራይ አይደለችም።

ባሏ ከሞተ ቆየት ብሏል፣ አሁን በዚህ ወር መጨረሻ ቅዳሜ የመቃብሩን ሐውልት ታስመርቃለች። ዓርብ በሬ ይታረዳል፣ ሌሊቱን በመዝሙር ይታደራል፣ ጎህ ሲቀድ መቃብር ተሂዶ ድንጋዩ ላይ ያለው ጨርቅ ይገለጣል፣ ከዛ ቤት ተመልሶ ይበላል። «አንተም ልጄ ነህ፣ ትመጣለህ ከኛ ጋር ትበላለህ» አለችኝ፣ እሺ አልኳት። ፌሎሺፕ ላይ ሳነሳው ግን አንድ ታላቅ ወንድማችን «ያ በሬ ለሙታን መንፈስ ነው የሚታረደው፣ ዜድሲሲ ማለት መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ ጥንቆላ ነው፣ እንኳን ልትበላ ሻይዋንም እንዳትቀምስ» አለኝ።

ስድብ አልፈልግም። የሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ። እነዚህ ሰዎች ከአባቶቻቸው እምነት ምን ምኑን ይዘው ነው ቤተክርስቲያን የገቡት? በሬውስ ለማን ነው የሚታረደው?

አቤኔዘር_ጆዚ
እሁድ ማታ 3:42

ወንድሜ ጌታ ይባርክህ፣ ታላቅ ወንድምህ የነገረህ ነገር እውነት አለው። እኔ ሎኬሽን ለሎኬሽን እቃ ተሸክሜ በዱቤ ስሸጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ከዜድሲሲ ሰዎች ጋርም ብዙ ተቀምጫለሁ፣ በሰውነታቸው ጥሩ ናቸው፣ ብድር አይክዱም። ግን ነቢዮቻቸው ዘንድ ስትሄድ የምታየው ነገር ያስደነግጣል። ሰው ታሞ ይመጣል፣ ነቢዩ ሳይጠይቀው ያየለትን ይነግረዋል፣ ከዛ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ ይሄን የተጸለየበት ሻይ ጠጣ፣ ይሄን ውሃ በቤትህ አራት ማዕዘን እርጭ፣ ይሄን ክር ወገብህ ላይ እሰር። ሳንጎማው (የባሕሉ ፈዋሽና ጠንቋይ) አጥንት ወርውሮ ያነባል፣ ነቢዩ መንፈስ ነገረኝ ይላል፣ ታማሚው ግን ከሁለቱም የሚሰማው ያንኑ ነው፦ ጎረቤትህ አስደግማብሃለች፣ ወይ ደግሞ አባቶችህን አስቀይመሃል። እህትማማቾች በዚህ ምክንያት ሲኳረፉ አይቻለሁ።

ዘዳግም 18 ሙታንን የሚጠይቅ ከመካከልህ አይገኝ ይላል። ይሄ ለአፍሪካዊ ሲሆን የሚለሰልስ ሕግ አይደለም። ሴትየዋን ውደዳት፣ አክብራት፣ ገንዘብ ስጣት፣ ማዕዱ ላይ ግን አትቀመጥ። የኔ ምክር ይሄ ነው።

ታሪክ_ይነገር
እሁድ ማታ 5:05

አቤኔዘር ያልከውን አከብራለሁ፣ የነቢዮቹ ነገር የገለጽከው በደንብ ነው። ግን «መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ ጥንቆላ» የሚለው አነጋገር ሚሲዮኖቹ ከመቶ ዓመት በፊት ሲሉት የነበረ ስለሆነ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብን። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ነገሩ እኛንም ይነካል። 1892 ፕሪቶሪያ ላይ ማንጌና ሞኮኔ የሚባል የሜቶዲስት ቄስ ቤተክርስቲያኑን ጥሎ ወጣ። ጥቁር ቄሶች ለብቻ ይሰበሰባሉ፣ ሰብሳቢያቸው ግን ነጭ ነው፣ ደሞዛቸውም ያነሰ ነው፣ ይሄ አንገሸገሸው። የራሱን ሲያቋቁም ስሟን ምን አላት? የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን። መዝሙር 68 ላይ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ይዞ። ከአድዋ በፊት ነው ይሄ፣ ልብ በሉ፤ አድዋ ሲመጣማ ስሙ እሳት ሆነ። በ1896 እነሞኮኔ ከአሜሪካ ጥቁሮች ቤተክርስቲያን፣ ከኤ ኤም ኢ ጋር ተጣመሩ፣ በ1898 ጳጳሱ ሄንሪ ተርነር ራሱ ድረስ መጣ። የእንግሊዝም የቦርም (ከሆላንድ የመጡት ነጮች ዘር) አስተዳደር እንቅስቃሴውን በሙሉ «ኢትዮጵያኒዝም» ብሎ ፈራው። እነዚህ «ኢትዮጵያውያን» የሚባሉት ቤተክርስቲያኖች ግን አምልኳቸው ያው የሜቶዲስት ነበር፣ የለወጡት መሪውን ነው እንጂ ሥርዓቱን ብዙም አልነኩትም።

የኮኮ ቤተክርስቲያን ከሌላ ግንድ ነው የመጣችው፣ ከጽዮኖቹ። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ዳዊ የሚባል ሰባኪ ጽዮን የምትባል ከተማ መሥርቶ ነበር፣ መድኃኒት አያስፈልግም በጸሎት ነው ፈውስ የሚል፣ አሳማና ትምባሆን የሚከለክል። በ1904 መልእክተኛው ብራያንት ደቡብ አፍሪካ መጥቶ በዋከርስትሩም ሌሩ የሚባለውን ነጭ ሚሲዮናዊ ተከታዮች በውሃ ውስጥ በመንከር አጠመቀ። ስለዚህ የአሳማው ክልከላና በእጅ ጭነት መፈወስ ከአሜሪካ ነጮች የመጣ ነው እንጂ ከሳንጎማ አይደለም!! ሰው «አፍሪካዊ ባሕል» እያለ የሚጠራው ግማሹ እንዲህ ነው።

ኤንጌናስ ሌክጋንያኔ ይሄን ከጽዮኖቹ ተቀበለ፣ ራሱ ዓይኑን ታሞ ሦስት ጊዜ ተነክሮ ተጠምቆ ነው የዳነው ይላሉ። ሌሴቶ ካለው የሞታውንግ ቤተክርስቲያን ተለይቶ በ1924 ዜድሲሲን አቋቋመ። ሲሞት፣ 1948 ነው፣ ልጆቹ ተከፈሉ፤ ኮከብ የሚያደርጉት የኤድዋርድ ወገን፣ እርግብ የሚያደርጉት የጆሴፍ ወገን ናቸው። ኮኮ ኮከብ ከሆነች የኤድዋርድ ናት። በ2001ዱ ቆጠራ ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ዜድሲሲ ነኝ ብሏል፣ ከሀገሩ ሕዝብ ከአሥር ሰው አንዱ ማለት ነው። በ1992 የፋሲካ ጊዜ ማንዴላ፣ ፕሬዚዳንቱ ዴክለርክና የኢንካታ መሪ ቡተሌዚ ሦስቱም የዜድሲሲ ዋና ቦታ ሞሪያ ሄደው የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ማርታ_ደርባን
ሰኞ ጠዋት 1:30

ታሪክ ይነገር እግዜር ይስጥህ። እኔ ከደርባን ነኝ፣ እዚህ ያሉት ደግሞ የሼምቤ ሰዎች ናቸው እና ሁሉንም አንድ ላይ ባንጠቀልላቸው ጥሩ ነው። ኢሳያስ ሼምቤ በ1910 ነው የናዝሬት ባፕቲስት ቤተክርስቲያንን የጀመረው፣ ኢናንዳ አጠገብ ኤኩፋካሜኒ ላይ መሬት ገዝቶ ሕዝቡን አሰፈረ። በ1913 መንግሥት የመሬት ሕግ አውጥቶ ጥቁሩን ከመሬቱ ሲያፈናቅል እሱ ጋ የመጣ ባልቴት፣ ወላጅ አልባ፣ የተባረረ ጭሰኛ የሚያርፍበት ነበረው። ሰንበታቸው ቅዳሜ ነው፣ ነጭ ልብስ ለብሰው ጫማ አውልቀው ሜዳ ላይ ይሰግዳሉ፣ ጫፉ በተቀባ ድንጋይ የታጠረ ክብ ቦታ ነው ቤተመቅደሳቸው፣ ጣራ የለውም። በጃንዋሪ ንህላንጋካዚ ተራራ በእግር ይወጣሉ፣ በባዶ እግሩ የሚወጣም አለ።

ከዛ ደግሞ ጭፈራው አለ። ወንዶቹ የነብር ቆዳ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ የበሬ ቆዳ ጋሻ ይይዛሉ፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና እግራቸውን ከፍ አድርገው አንድ ላይ ያሳርፋሉ፣ እኔ የሱቄ ደጃፍ ሆኜ አፈሩ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ለእነሱ ይሄ መዝናኛ አይደለም፣ አምልኮ ነው፣ የሞቱት አባቶቻቸውም አብረዋቸው እንደሚጨፍሩ ያምናሉ። ሚሲዮኖቹ የዙሉን ጭፈራ የሰይጣን ነው ብለው ከልክለው ነበር፣ ሼምቤ ግን ወስዶ ለእግዚአብሔር አደረገው። የኛ ካህናት ከበሮና ጽናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው ይሄን በጣም ሊጠየፈው የሚችል አይመስለኝም። (በነገራችን ላይ የነብሩ ነገር አሳሳቢ ሆኖ ፓንቴራ የሚባል ድርጅት ሰው ሰራሽ ቆዳ እያደለ ነው፣ አሁን ብዙዎቹ እሱን ነው የሚለብሱት።)

የጽዮን ሰዎችንም እዚህ ባሕሩ ዳርቻ ላይ አያቸዋለሁ። ከጆበርግ ሌሊቱን በታክሲ ተጉዘው ይመጣሉ፣ ንጋት ላይ ማዕበሉ ውስጥ ቆመው ይጠመቃሉ፣ ከዛ የባሕሩን ውሃ በአምስት ሊትር ጀሪካን እየቀዱ ይዘው ይመለሳሉ። ይጠጡታል፣ ያስታውኩበታል፣ ይታጠቡበታል። ይሄኛው ከክርስትና በፊትም የነበረ ልማድ ነው፣ ማስታወክ ከሰውነት ክፉን ማውጫ ነበር።

ወለተ_ሥላሴ
ሰኞ ከሰዓት 8:15

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ፕሪቶሪያ ነው ያለሁት። ይሄን ውይይት ሳነብ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። ክር ማሰር፣ የተጸለየበት ውሃ፣ በሙት ዓመት ማረድና ድሃ ማብላት... እኛ ማተብ እናስራለን፣ ጠበል እንጠጣለን እንረጫለን፣ በአርባው ተዝካር እናወጣለን፣ ግን ማንም ተነስቶ ጥንቆላ ነው ቢለን እንቆጣለን። ልዩነቱ በማን ስም ነው የሚለው ላይ ነው። የኛ በሥላሴ ስም ነው። የነሱን በማን ስም እንደሆነ ሳልጠይቅ ምን እላለሁ? ደግሞ ከኛው ውስጥ ደብተራ ጋ ሄዶ ክታብ የሚያስጽፍ፣ ለዛር ቡና የሚያፈላ፣ ለአድባር ቅቤ የሚቀባ ስንት አለ? ቤተክርስቲያን ታወግዘዋለች፣ ሰዉ ግን እሁድ ያስቀድሳል ማክሰኞ ቃልቻ ጋ ይሄዳል።

አቤኔዘር_ጆዚ
ሰኞ ከሰዓት 8:40

እህቴ ስላነሳሽው ነው እንጂ እኔማ እሱንም ማለት ፈልጌ ነበር። ተዝካሩም ማተቡም ቢሆን በቃሉ

አስተናጋጅ
ሰኞ ከሰዓት 9:00

የአቤኔዘርን የመጨረሻ ጽሑፍ ከግማሹ በኋላ፣ ከሥሩ የመጡትንም አሥራ ምናምን መልሶች አንስቻለሁ። የጴንጤና የኦርቶዶክስ ክርክር የራሱ ክፍል አለው። እዚህ የቀረበው ጥያቄ የዜድሲሲና የመሰሎቿ ነው። ወለተ ሥላሴ ያነሳችው ማነጻጸሪያ ለጉዳዩ ስለሚረዳ ትቼዋለሁ።

የኮንጎ_ጎረቤት
ሰኞ ማታ 2:20

ከብራስልስ ነኝ። ደቡብ አፍሪካን አላውቅም ግን ሥራ ቦታ የኪምባንጉ ቤተክርስቲያን አባል የሆነች ኮንጎዋዊት ጓደኛ አለችኝ፣ ከእሷ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ላካፍል ምክንያቱም አቤኔዘር ያለው ሁሉም ቦታ እንደማይሠራ ስለሚያሳይ።

ሲሞን ኪምባንጉ የባፕቲስት ሚሲዮን አስተማሪ ነበር፣ በኤፕሪል 1921 ንካምባ በምትባል መንደሩ ሰው መፈወስ ጀመረ። የመጀመሪያ ሥራው ምን መሰላችሁ? ጣዖታቱን አቃጥሉ፣ ሁለት ሚስት አታግቡ፣ ዘፈንና ከበሮውን ተዉ ነው ያለው። መንደር መንደሩ የአባቶቹን ንኪሲ (መንፈስ አለበት የሚሉትን ምስል) እያወጣ እሳት ውስጥ ጣለ። ሰው የእርሻና የሐኪም ቤት ሥራ ጥሎ ወደ ንካምባ ጎረፈ፣ ቤልጂጎች ፈሩ፣ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ያዙት፣ ሞት ፈረዱበት፣ ንጉሡ ወደ ዕድሜ ልክ ቀየረለት፣ 30 ዓመት ታስሮ በ1951 እስር ቤት ሞተ። የሰበከው ወራት ብቻ ነው!! ቤተክርስቲያኗ ግን ተደብቃ ኖራ በ1969 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አባል ሆነች።

አሁን ግን ተመልከቱ፣ አባቶችን ያቃጠለው ሰው ራሱ አባት ሆነ። ንካምባ ኢየሩሳሌም ትባላለች፣ ሬሳው እዛ ነው፣ ውሃና አፈሩን ሰው ይዞ ይሄዳል፣ መንፈስ ቅዱስ ራሱ ነው የሚሉም አሉ፣ በዚህም ከሌሎች ቤተክርስቲያኖች ጋር ተጋጭተዋል። ስለዚህ እኔ የምለው፣ የሞቱትን ማሰብ በከበሮው በኩል ብትከለክለው በሌላ በር ይገባል። ጓደኛዬን ስጠይቃት «አያቴን ከረሳሁ ማን ነኝ?» ነው ያለችኝ።

ታሪክ_ይነገር
ሰኞ ማታ 3:00

ልክ ነሽ፣ ዜድሲሲም ውስጥ ይሄ አለ። ሲጸልዩ «የኤንጌናስ፣ የኤድዋርድና የባርናባስ አምላክ» ይላሉ። «የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ አምላክ» በሚለው ልክ። የሞተው መሥራች እንደ ትልቅ አባት ሆኖ ለቤተክርስቲያኗ ሁሉ ይቆማል፣ የየቤቱ ባዲሞ (የሞቱ አባቶች ማለት ነው) ደግሞ ከሱ ሥር። ባርናባስ ኤድዋርድ ከሞተ በኋላ በ1975 የተተካው ልጁ ነው።

1921ን ስታነሺ ደግሞ ሌላም ትዝ አለኝ። በሜይ 24 ቡልሁክ ላይ የኤኖክ ምጊጂማ ተከታዮች፣ እስራኤላውያን ነን የሚሉ፣ ፋሲካ ለማክበር የተሰበሰቡበትን መሬት አንለቅም ሲሉ ፖሊስ መትረየስ ተኮሰባቸው፣ ከ160 በላይ ሰው አለቀ። ኮንጎም ደቡብ አፍሪካም በአንድ ዓመት። ነጮቹ የፈሩት የአባቶችን መንፈስ አልነበረም፣ ጥቁር ሰው ነጭን ሳያስፈቅድ እግዚአብሔርን ማናገሩን ነው።

ሲስተር_ሐ
ሰኞ ማታ 4:35

ሁላችሁም ስለ ታሪክና ስለ ጥቅስ ጻፋችሁ፣ እኔ የማየውን ልንገራችሁ፣ ነርስ ነኝ፣ ጓቴንግ ውስጥ ክሊኒክ ነው የምሠራው። ዩኒፎርም ለብሰው የጽዮን ዱላ ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉኝ፣ ብዙዎቹ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚወስዱ ናቸው፣ ሻዩንም ይጠጣሉ ኪኒኑንም ይውጣሉ። ነገር ግን አንዳንድ ትንንሽ ነቢዮች፣ ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ ቤት የሚሠሩት፣ «መንፈስ መድኃኒት ተይ ብሏል» ይላሉ። የቲቢ መድኃኒቷን ሁለት ወር አቋርጣ ተሸክመዋት ያመጡልኝን ልጅ አልረሳትም። እዛ ጋ የኔ ትዕግሥት ያልቃል። ነቢዩ የጠራው መንፈስ የአያቷም ይሁን የማንም፣ ለኔ ጥያቄው ልጅቷ ትተነፍሳለች ወይ ነው።

እኛም አገር እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ ይሄው ችግር ነበር፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የተዉ ሰዎች። አቡነ ጳውሎስ በ2007 (በፈረንጅ) ወጥተው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው ሁለቱንም ውሰዱ ሲሉ ስንት ሰው ተረፈ። የነዚህም መሪዎች እንደዛ ጮክ ብለው ቢናገሩ ደስ ይለኛል። ትልልቆቹ ቤተክርስቲያኖች ሰው ሐኪም ቤት እንዳይሄድ አይከለክሉም፣ ችግሩ ማንም ተነስቶ ነጭ ካባ ለብሶ ነቢይ ነኝ ሲል ጠያቂ የለውም።

ደግሞ ስለ ነቢዮቹ አንድ ነገር። እንዴት ነቢይ እንደሚሆኑ አንዷን ጠይቄያት ነበር። መጀመሪያ ይታመማሉ፣ ሐኪም ምንም አያገኝባቸውም፣ ሕልም ያያሉ፣ ወንዝ ያያሉ፣ ሳንጎማ የሚሆነውም በዚሁ ዓይነት በሽታ ነው የሚጠራው። እሷ እንዳለችኝ ሁለት መንገድ ነበራት፣ ወይ ሳንጎማ ዘንድ ገብታ ዶቃ አድርጋ መሠልጠን ወይ ጽዮን ገብታ ነጭ መልበስ። ጽዮንን መረጠች ምክንያቱም ሥልጠናው ከብትና ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። «እዚህ ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ነጻ ነው» አለችኝ። አቤኔዘር ይሄን እንደ ማታለል ያየው ይሆናል። እኔ ግን ደሃ ሴት ከሚያስጨንቃት ነገር መውጫ ፈልጋ ያገኘችው በር ነው የመሰለኝ።

የሎኬሽኑ_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 3:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ታሪኩን። የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን የሚባል እዚህ እንዳለ ባውቅም ስሙ ከዛ መምጣቱን አላውቅም ነበር።

ዛሬ ሱቁን ዘግቼ ኮኮ ጋ ገባሁ። ሻይ ቀዳችልኝ፣ የቤተክርስቲያኗ ፓኬት ነው፣ ከሞሪያ የመጣ፣ ስኳር አብዝታበት። ዝም ብዬ ጠየቅኳት፣ በሬው ለማን ነው አልኳት። አልተቆጣችም። እንዲህ ነው ያለችኝ፣ በኔ አማርኛ ልበለው፦ «በሬው ለመጣው ሰው ነው። ባሌ በሬ አይበላም፣ አፈር ነው። ግን ጠዋት መቃብሩ ላይ ስሙን እጠራለሁ፣ የአባቱን ስም የአያቱን ስም እጠራለሁ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው፣ ቤቱ አልፈረሰም እለዋለሁ። ከዛ ቄሱ ይጸልያል።» ለሱ ትጸልያለሽ ወይ አልኳት። «ለእግዚአብሔር ነው የምጸልየው፣ ለባሌ እነግረዋለሁ። ሽማግሌ ቤት ውስጥ ካለ ሳትነግረው ነገር ታደርጋለህ?» አለችኝ። ሳንጎማ ጋ ሄደሽ ታውቂያለሽ ስላትማ ደነገጠች፣ ቤተክርስቲያኗ ካወቀች ኮከቡን ትነጥቀኛለች አለች።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም፣ ቢረሳ ይቆጣል ወይ ስላት ትንሽ ዝም ብላ «ሊቆጣ ይችላል» አለች። ትልቋ ልጇ ልጅ ሲሞትባት ሐውልቱ ስለቆየ ነው የሚሉ ዘመዶች አሉ።

አቤኔዘር_ጆዚ
ማክሰኞ ማታ 4:10

ያ የመጨረሻው ነው እኮ ነገሩ ወንድሜ። ለባሏ መንገሯ ሐዘን ነው፣ እሱን ይገባኛል፣ እናቴ መቃብር ላይ እኔም አውርቻለሁ። ፍርሃቱ ነው የሚያስረው። ሙት ተቆጥቶ የልጅ ልጁን ይገድላል ብለው እየፈሩ የሚኖሩ ከሆነ ክርስቶስ ነጻ ያወጣው ምን ላይ ነው? ከበሮውንም ሻዩንም ትቼዋለሁ፣ ማርታና ታሪክ ይነገር ስለሱ ያላችሁት አሳማኝ ነው። ይሄን ግን አልተውም።

ጋሽ_ሶዶ
ረቡዕ ጠዋት 2:45

ልጆቼ፣ እኔ ወላይታ ነኝ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ የምኖረው ከልጄ ጋር ኬፕታውን ነው። አቤኔዘር የነገሩን ሥር ነክተሃል። እኔ የምጨምረው አለኝ።

እኛ አገር ሚሲዮን ሥር ሳይሰድ በፊት፣ በፈረንጅ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤሳ ላሌ የሚባል ሰው ከጋሞ ተነስቶ ወላይታ ድረስ ይሰብክ ነበር። ፈረንጅ አላስተማረውም። ለመናፍስት መሠዋት ተዉ፣ ለፈጣሪ ለጦሳ ብቻ ጸልዩ፣ ጣታችሁን ማር ውስጥ ነክራችሁ ወደ ሰማይ እርጩ አለ። ማሩ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፣ አቅጣጫውን ነው የቀየረው። ባለሥልጣናቱ አሰሩት። በኋላ ሚሲዮናውያኑ መጡ፣ ጣሊያን ደግሞ አስወጣቸው፣ ሲሄዱ ጥቂት ደርዘን አማኝ ነበር፣ ሲመለሱ 10,000 ገደማ ጠበቃቸው። ያን ያደረገው የኛው ሰው ነው፣ ሽማግሌዎች ኤሳ ያዘጋጀው መሬት ነው ይላሉ። በልጅነቴ የማውቃቸው የመጀመሪያዎቹ አማኞች ከቃልቻው ፍርሃት የወጡ ሰዎች ነበሩ፣ ሲዘምሩ ስለሱ ነው የሚዘምሩት፣ ዜማውም የኛ ዜማ ነው።

ስለዚህ አንድ ቤተክርስቲያን አባቶቿን ይዛ ብትገባ በዛ ብቻ አልፈርድባትም። የምጠይቀው ሰው ከገባ በኋላ ፍርሃቱ ቀነሰለት ወይ ጨመረበት ነው። ዜድሲሲ ውስጥ የቀነሰለት ሞልቷል፣ ኮኮ ሳንጎማ ጋ አትሄድም፣ ቢራ ቤት አትገባም፣ የባዕድ ልጅ እቃ በሌሊት ተሸክማ አድናለች። የጨመረበትም አለ። በአንድ ቤት ሁለቱም ሊኖር ይችላል።

ስለ መብላቱ፦ ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ ይሄንኑ ነገር አንስቶታል። ከማያምኑ ሰዎች አንዱ ቢጠራህ ሂድና ከሕሊና የተነሣ ሳትመረምር ብላ ይላል። ይሄ ለጣዖት የተሠዋ ነው ካለህ ግን አትብላ ይላል፣ ስላስታወቀህ ሰው ስትል። አንተ ጠይቀሃታል፣ እሷም «ለመጣው ሰው ነው» ብላሃለች። ቃሏን ተቀበል። በሬው ሲታረድ የሙት ስም ተጠርቶ የመጀመሪያው ሥጋ ወይ ደሙ ለብቻ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ያን ካየህ፣ ለሷ በጓዳ ንገራትና ዳቦና ሻይ ብላ፣ አታሳፍራትም። ሲሆን ደግሞ ከበላህ በኋላ ሳይሆን ከዛ በፊት፣ መቃብሩ ላይ፣ እንድትጸልይ ጠይቃት። የልጅቷ ልጅ የሞተው አያቱ ተቆጥቶ እንዳልሆነ በጸሎትህ ውስጥ በል። አንተ እንደ ልጅ ነህ ካለችህ ልጅ ይናገራል።

ማርታ_ደርባን
ረቡዕ ጠዋት 3:20

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ።

የሎኬሽኑ ልጅ፣ ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልንገርህ፣ እኔ ዘንድ እንኳ የሼምቤና የዙሉ ልማድ ነው ግን ሊምፖፖም ብዙ አይለይም። ጃኬት ልበስ፣ ሙቀት ቢሆንም፣ ያለ ጃኬት መቃብር የሚሄድ ወንድ እንደ ንቀት ነው የሚታየው። ኮፍያ አውልቅ። ከመቃብር ስትመለሱ በሩ ላይ ውሃ በሳህን ተቀምጦ ታገኛለህ፣ ሳትታጠብ እንዳትገባ፣ ሁሉም ይታጠባል። ባዶ እጅህን አትሂድ፣ ስኳርና ሩዝ ከሱቅህ ይዘህ ዓርብ ቀን ላይ አድርስ፣ ሴቶቹ የሚያበስሉት ያኔ ነው። ወንዶቹ ካኪያቸውን ለብሰው ነጭ ቡቲያቸውን አድርገው ሌሊቱን ክብ ሠርተው ሲዘሉ እንቅልፍ የለም፣ አስቀድመህ ተኛ።

ታሪክ_ይነገር
ረቡዕ ጠዋት 4:00

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ የመንገዱን ነገር ተጠንቀቅ። ዘመዶች ከቦትስዋና ከጆበርግ ሌሊት እየነዱ ነው የሚመጡት። በ2024 ለፋሲካ ከቦትስዋና ወደ ሞሪያ ይሄድ የነበረ አውቶቡስ ሞኮፓኔ አጠገብ ከድልድይ ወድቆ 45 ሰው ሞቷል፣ የተረፈችው አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ብቻ ናት። እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ ቀን እንዲነዱ ለኮኮ ልጆች ንገራቸው።

የሎኬሽኑ_ልጅ
ረቡዕ ማታ 2:15

እሄዳለሁ። ጃኬት አለኝ። ሩዙን ሁለት ከረጢት፣ ስኳሩን አሥር ኪሎ ለይቻለሁ። ለጋሽ ሶዶ፣ መቃብሩ ላይ መጸለይ እንደምፈልግ ለኮኮ ነገርኳት፣ ቄሱን አስፈቅዳ «በራስህ ቋንቋ ጸልይ፣ ልጄ ይተረጉምላቸዋል» አለችኝ። ስለ ሕፃኑ ምን ብዬ እንደምል ገና እያሰብኩ ነው፣ ትልቋ ልጇም ትመጣለች። በዚህ ላይ ሐሳብ ያለው ሰው እስከ ዓርብ ጠዋት ይጻፍልኝ። አቤኔዘር፣ አንተም ጻፍልኝ፣ የፍርሃቱን ነገር ካንተ በላይ የተናገረ የለም።

አቤኔዘር_ጆዚ
ረቡዕ ማታ 2:50

ወንድሜ ሮሜ 8:38 እና 39ን አንብብላቸው፣ ሞት ቢሆን ሕይወትም ቢሆን የሚለውን። በቋንቋቸው በሴፔዲ መጽሐፍ ቅዱስ ኮኮ ቤት ይኖራል፣ ልጇ ራሷ ጮክ ብላ ታንብበው። አንተ ምንም አትጨምርበት። ከዛ ብላ።